ዳማ የምትተነፍስበት ቦታ

«ሰማሽ?» አለ ጉቱ። የጠቀለለው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሰሚያ ጆሮዋን ቀሰረች። ከነፋሱ በስተቀር ምንም የለም። የሮቤ ነፋስ ደግሞ ከቀትር በኋላ ከተነሳ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ በር ይገፋል፣ ሰው የመጣ ያስመስላል። «ነፋስ ነው፣ አባ። ብላ።»

«ተነስታለች እኮ ነው የምልሽ!»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ ጥሎ ወጣ። ሰሚያ በመስኮት ተመለከተችው። ግቢው ጥግ ላይ መኪናቸው በሰማያዊ ሸራ ተሸፍና ቆማለች። አባቷ ሸራውን ገለጥ አድርጎ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳብስ ይመስላል። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው! ከተነሳች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ባትሪዋንም ራሱ ፈትቶ አልጋው ስር አስቀምጦታል። ባትሪ የሌላት መኪና በምን ትነሳለች? ጉቱ ግን ይሰማታል። ምሳ ሲበላ ይሰማታል፣ ሰው ሲያዋራው ይሰማታል፣ ሶላት ላይ ቆሞ ይሰማታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሳነቴን ተራራ በጉም ሲያቋርጥ የኖረ ሾፌር አሁን ባጃጅ በአጠገቡ ሲያልፍ ይደነግጣል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ነገሩ የደረሰ ቀን፣ እሷም መኪናዋ ውስጥ ነበረች።

መኪናዋ ቀላ ያለች አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። የባሌ ሰው ፈረሱን በመልኩ እንደሚጠራው ሁሉ ጉቱም «ዳማ» ይላታል። ዘጠኝ ሰው ጭና ከጎባ ወደ ዶሎ መና ትሄድ ነበር። ሰሚያ መንገድ ላይ ባለችው ሪራ አክስቷ ቤት ልትወርድ ጋቢና ተቀምጣለች። ሳነቴ ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ጉሙ ወረደ። ሰው የሚያካክሉት የጅብራ ተክሎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ጉቱ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ሞተሩ ግን በራሱ ጊዜ ጨመረ።

«ምን ነካት?» አለና ዳር አስይዞ ቁልፉን ወደ ማጥፊያው አዞረው።

አልጠፋችም። ቁልፉን ነቀለው። ባሰባት! ጩኸቷ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄደ። ነጭ ጭስ ከኋላዋ እየተግተለተለ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ፤ ሰማዩ የቱ፣ መሬቱ የቱ እንደሆነ ጠፋ። ከኋላ አንዲት ሴት «ጅኒ! ጅኒ!» ብላ ጮኸች። በሮቹ ተበረገዱ። ሰው በየአቅጣጫው እየተንጋጋ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሐጂ ከሊል የሚባሉ ሽማግሌ ሲሮጡ ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሰሚያ ግን ከመቀመጫዋ መነሳት አቃታት። አባቷ ቁልፉን ፊቱ ላይ ይዞ ያየዋል። «እጄ ላይ ነው» ይላል። «እጄ ላይ ነው እኮ! በማን ነው የምትሄደው?»

በኋላ ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። ዳማ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ለሰሚያ ከጩኸቱ ይከፋ ነበር። ጉሙ ውስጥ የሐጂ ከሊል ማቃሰት ብቻ ይሰማል።

የከተማው ወሬ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ጅን ሰፍሮባታል» አለ። ሌላው ደግሞ ጣቱን መካኒኩ ጋሽ እሸቴ ላይ ቀሰረ። ጋሽ እሸቴ ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን የዳማን ዘይት ቀይረው ነበር። «ዘይት አብዝቶባት ነው፤ ዘይት የበዛበት ናፍጣ ሞተር እንዲህ ያብዳል» ተባለ። ጉቱም ይህንኛውን ያዘ። ምን ያድርግ? የሰው ጥፋት ከጅን ይሻላል። ነገ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች የሁለቱን ነገር ሊያዩ ይቀመጣሉ።

ችግሩ፣ የጋሽ እሸቴ ልጅ ሶሲ የሰሚያ የልብ ጓደኛ ናት። ወይም ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ኖረው ሶሲ አሁን ደብተሯን ሰብስባ መስኮት ጥግ ሄዳለች። በዚያው ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ ተመልሰው ገብተው ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ሰሚያ ከኋላዋ ሮጠች።

«ሶሲ! ቆይ እንጂ!»

«ምን ፈለግሽ?»

«ሰላም እንኳን አትይኝም?»

«አባትሽ አባዬን ሽማግሌ ፊት ሊያቆመው ምን ሰላም አለ? አቦ ተይኝ!» ሶሲ ጥቂት እርምጃ ሄደችና ዞራ ተመለሰች። «ዘይት አበዛ ነው የምትሉት አይደል? አባዬ እኮ ዘይት ሲጨምር መለኪያውን ሦስቴ የሚያይ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ሻይ ላይ ስኳር እንኳን በማንኪያ አፍ ልክ እየላገ ነው የሚጨምረው!»

«ታዲያ ነገ ይናገሩዋ። እውነቱን ይናገሩ።»

«አይናገርም! የሚያናድደኝም እሱ ነው። ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ሊል ነው። ‹ጉቱ ሃያ ዓመት ወዳጄ ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ሊያብድ ነው፣ ሐጂም ተኝተዋል፣ ነገሩ በኔ ይብቃ› ብሏል። ከዚያስ? አጥፍቻለሁ ብሎ ላመነ መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? ጋራዡን ዘግቶ ሻሸመኔ አጎቴ ጋ ሊወስደን ነው። እማዬ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች፣ ገባሽ?»

ሰሚያ አልገባትም ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ፣ ሁሉም ወደየቤቱ የሚሄድ ነበር የመሰላት። «ግን ዘይቱ ካልሆነ ምንድን ነው? ቁልፉ ወጥቶ እኮ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጅን ነው እንዳትዪኝ ብቻ!» አለች ሶሲ። ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ተናዳ እንኳን ስለ ሞተር ከጠየቋት አለመመለስ አትችልም። «ስሚ። ሞተር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ትንሽ ትንሽ ጭስ በፒስተኑ ጎን እያመለጠ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ያ ጭስ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው መተንፈሻ ቱቦ ያለው። ቱቦው ከተዘጋ ጭሱ ይታመቅና ዘይቱን በተርቦው፣ አየር በሚጨምቀው ክፍል፣ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይገፋዋል። ያኔ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ መሄድ ይጀምራል። ቁልፍ የሚዘጋው ናፍጣውን ነው። ዘይቱን በምን ይዘጋዋል? እስኪያልቅ ትጮሃለች።»

«ቱቦው... የት ነው ያለው?»

«ሞተሩ ራስ ላይ። የእናንተዋ ጫፉ ተፈትቶ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጠዋት እንፋሎት ሲወጣው አይተሽ የለ? ግን እሱም አይደለም። አባዬ ዘይቱን የቀየረ ቀን ጣቱን ከትቶ አይቶታል፤ ክፍት ነበር። በአንድ ሌሊት ማን ይደፍነዋል?»

ሰሚያ አቀርቅራ የገዛ ጣቶቿን አየች። ሶሲ ትንሽ ጠብቃት፣ «እሺ፣ ዝም በይ እንግዲህ» ብላ ሄደች።

እስከ ቤቷ ድረስ በቅርቡ የሞተችው አያቷ አብራት የሄደች መሰላት። አኮ ነበር የሚሏት፤ የአባቷ እናት ናት። በመጨረሻው ዓመቷ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ተጉዛ ስትመለስ ጀዋራ ይዛ መጣች፤ ተጓዦች ለበረካ የሚያመጡት ነጭ አፈር ነው። የልጆቹን ግንባር ቀባች፣ ለጎረቤት አከፋፈለች። ከዚያ ታመመች። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ሰሚያን ብቻዋን አስጠርታ በሻሿ ቁራጭ የተቋጠረ ጀዋራ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ይሄ የዳማ ነው» አለቻት። «ልጄን በዚያ ብርድ የምታመላልሰው እሷ ናት። በምትተነፍስበት በኩል አኑሪላት። በረካው ከትንፋሿ ጋር ይዙር።»

ሰሚያ አኮ የምትቃዥ መስሏት ነበር። አደራ ግን አደራ ነው። ከለቅሶው በኋላ በመጀመሪያው የጉዞ ቀን፣ ያው አደጋው በደረሰበት ዕለት፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ አባቷ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሊያመጣ ገባ። ሰሚያ ጎንበስ ስትል ከአንድ ጎማ ቱቦ ጫፍ እንፋሎት ቱፍ ቱፍ ሲል አየች። አኮ ያለችው ቦታ! ቋጠሮውን ከተተችበት። አልገባ ሲላት በእስክሪብቶ ገፋችው። «ቢስሚላህ» ብላ ኮራች። ወላሂ ኮርታ ነበር።

ከአደጋው በኋላ ደግሞ አባቷ፣ እናቱ ነግራው ስለነበር፣ «የአኮን ጀዋራ አኑረሽላት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «አዎ፣ ውስጥ ነው» አለችው። የት እንደሆነ አልጠየቃትም። «አልሐምዱሊላህ! እሱ ነው ያተረፈን» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ለሄደው የሚናገረው ይሄንኑ ነው። ለአፍታም ቢሆን ዓይኑን የሚከድነው ይህን ካለ በኋላ ነው።

ቤት ስትደርስ አባቷ የአስር ሶላት ሊሰግድ መስጊድ ሄዷል። እናቷ ሱቅ ናት። ሸራውን ገፈፈችው። ኮፈኑን ከፍታ ደገፈችው። ቱቦው እዚያው ተንጠልጥሏል። ጣቷን ከተተች፤ ጠንካራ ነገር ነካች። «ያ ረቢ፣ ሌላ ነገር ይሁን» አለች። በሽቦ ቆፈረችው። አፈሩ እርጥበትና ዘይት ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ደርቆ ቱቦውን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ስትታገለው ቆይታ ድንገት ተመዞ ወጣ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ፊቷ ላይ መጣ። ዳማ የተነፈሰች መስሏት ወደ ኋላ ዘለለች።

ጨርቁ ጠቁሯል። እጥፋቱን ስትገልጠው ግን የአኮ ሻሽ ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች ከውስጥ ሳይበላሹ አሉ። ሰሚያ ያኔ አለቀሰች።

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ሰሚያ ለመደበቅ እንኳን አልሞከረችም። መዳፏን ዘርግታ አሳየችው፤ ከዚያ ሶሲ ያለቻትን፣ እሷ ያደረገችውን፣ እስክሪብቶውን ጭምር ነገረችው። ጉቱ ሃያ ዓመት ሞተር ላይ ኖሯል፤ ሁለቴ ማስረዳት አላስፈለገም። ቱቦውን አየ፣ ቋጠሮውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስለዚህ እናቴ ናት ልትፈጀን የነበረችው?»

«አኮ አይደለችም! ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለሰው ይሄ አይገባውም፣ ሰሚያ። ነገ ከገበያ እስከ መስጊድ ‹የጉቱ እናት ያመጣችው ጀዋራ ሰው ሰበረ› ነው የሚባለው። የመቃብሯ አፈር እንኳን ገና አልደረቀም።» ድምፁ ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ልመና ነበር። «ዝም በይ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስለ አላህ ብለሽ ዝም በይ።»

«ጋሽ እሸቴስ?»

አባቷ ሸራውን ከመሬት አነሳ፤ ወዲያ ወዲህ አገላበጠው። «እሸቴ...» አለ። «እሸቴ ጠንካራ ሰው ነው» አለና ወደ ቤት ገባ።

ሰሚያ ኮፈኑን ዘጋችው። ሸራውን እያለበሰች ሳለ ሰማችው። ከሩቅ፣ ከሳነቴ በኩል የሚመጣ፣ ቀጥኖ ወደ ላይ የሚወጣ ጩኸት። እጇን ኮፈኑ ላይ አደረገች። ቀዝቃዛ ነው። ጩኸቱ ግን አለ። አባቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሰማው የነበረውን ነገር አሁን እሷ ሰማችው፤ ፈራች፣ አንድ ቀን እንኳን እንደማትችለውም ገባት።

በማግስቱ ጠዋት ጉም የለም፣ ፀሐዩ ግን አይሞቅም። እናቷ ቅዳሜ ስለሆነ በማለዳ ወደ ገበያ ወጥታለች። ጉቱ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ የቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማው አጠገቡ ነው፤ አላጠለቀውም። እራት አልበላም፣ ቁርስም አልነካም። ሰሚያ ቋጠሮውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ከኋላው መጣች።

«ወዴት ነው?» አላት ሳይዞር።

«ጋሽ እሸቴ ከቤት ሳይወጡ ልድረስባቸው።»

ጉቱ ፌስታሉን አየና እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ።»

«አልሰጥህም፣ አባ።»

በሕይወቷ ለአባቷ «አልሰጥህም» ብላው አታውቅም። አሁን ግን ቃሉን አልመለሰችውም። የተዘረጋው እጁ ጥቂት ቆይቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

«የአኮን ስም ክፉ አላነሳም» አለች። «ለጋሽ እሸቴም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለሐጂ ከሊልም እንዲህ ነው የምላቸው፦ ጸሎቱ የእሷ ነው፤ ቱቦውን የደፈንኩት እኔ ነኝ። የማያምን አይመን።»

«የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነሽ። ስምሽን ያጠፉታል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ? ‹ያተረፈን እሱ ነው› እያልኩ ለስንቱ ሰው ምዬ ተናገርኩ? አሁን ምን ይዤ ልተኛ?»

ሰሚያ ብትዋሸው ደስ ባላት ነበር። አጠገቡ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው፤ ኮቱ የናፍጣ ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። «እኔ እንጃ፣ አባ» አለች። «ግን ጋሽ እሸቴም ዛሬ ማታ የማይተኙ ይመስለኛል።»

የጉቱ እግሮች የበሩን መውጫ ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል። ብትፈልግ ተራምዳ ማለፍ ትችላለች፤ የገዛ አባትን እግር መራመድ ግን ነውር ነው፣ ያንን አታደርግም። ተመልሳ መግባትም አልፈለገች። ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሰዓቱ ከሦስት አለፈ። የጎረቤት ዶሮ ግቢ ገብታ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ጭነት መኪና እያጓራ ወደ ጎሮ በኩል ሲያልፍ ሁለቱም ደነገጡ፤ አንዳቸው የሌላኛቸውን ድንጋጤ አዩ።

ሰሚያ እግሯን እስኪያማት ድረስ ቆመች። ቢያስፈልግ እስከ አራት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ልትቆም ቆርጣለች።

ጉቱ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ እግሮቹን ሰበሰበ።

ሰሚያ ዝቅ ብላ በአጠገቡ አለፈች። የግቢውን በር ለአባቷ ብላ ከኋላዋ አልዘጋችውም።